ማን እንደሚያዘገይ ሞዴላችን ይነግረናል፤ ማስታወሻ መላኩ ይጠቅም እንደሆነ ግን በምን እንወቅ?

ሳቢያን_ቁጥር

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ ባለ አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም የዳታ ሥራ ላይ ነኝ። 1,450 ተበዳሪዎች አሉን፤ ሁሉም በአምስት አምስት ሰው የቡድን ዋስትና የተደራጁ ናቸው፣ ማለትም 290 ቡድን። የሚበዙት ከፊራና ታይዋን በሚባሉት የከተማችን ገበያዎች የሚነግዱ ሲሆኑ፣ ቀሪዎቹ ባለ ሱቆችና ባለ ባጃጆች ናቸው። በየወሩ ከ100 ክፍያ 18ቱ ከቀነ ገደቡ ከ7 ቀን በላይ ይዘገያል።

እስካሁን ሁለት ነገር ሠርተናል። አንደኛ፣ ማን እንደሚያዘገይ የሚተነብይ ሞዴል አዘጋጅተናል። የተጠቀምንበት መረጃ ያለፉት 6 ወራት የክፍያ ታሪክ፣ የብድሩ መጠን፣ የንግዱ ዓይነት፣ እና በወሩ ውስጥ የብድር ኦፊሰሩ ለደንበኛው የደወለበት ብዛት ነው። ከዳታው ውስጥ በዘፈቀደ ለይተን ባስቀመጥናቸው 500 ክፍያዎች ስንፈትነው 90 ያህሉ የዘገዩ ነበሩ፤ ሞዴሉ 70ዎቹን «ይዘገያሉ» አለ፣ ከነሱ 42ቱ ትክክል ሆኑ። ጠቅላላ ትክክለኛነቱ 85% ነው።

ሁለተኛ፣ ሞዴሉ ቀይ ምልክት ላደረገባቸው ሁሉ በሰኔ መጀመሪያ የማስታወሻ ሜሴጅ ላክን። በግንቦት ከነሱ 41% ያህሉ አዘግይተው ነበር፤ በሰኔ ወደ 29% ወረደ።

አለቆቻችን «ሜሴጁ ሠርቷል» ብለው ለሁሉም ሊያዳርሱት ነው። ከዚያም በሰዓቱ ለከፈለ 150 ብር የወለድ ቅናሽ እንጨምር የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ይህ ማስረጃ ለውሳኔ ይበቃል? ካልበቃስ ሙከራ ብናደርግ ስንት ሰው ያስፈልገናል?

---

ከዚራ_07

ከሞዴሉ ልጀምር። 85% የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርህም። ከ500 ክፍያ 410ሩ በሰዓቱ የተከፈሉ ናቸው፤ ምንም ሳታሰላ «ሁሉም በሰዓቱ ይከፍላሉ» ብትል 82% ትክክል ትሆን ነበር። ሞዴሉ የጨመረልህ 3 ነጥብ ነው። ማየት ያለብህ ሁለት ሌሎች ቁጥሮችን ነው፦ ምልክት ካደረገባቸው 70 ውስጥ የያዘው 42፣ ማለትም 60%፤ በእርግጥ ከዘገዩት 90 ውስጥ የደረሰባቸው ያው 42፣ ማለትም 47%። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አዘግዪዎች ሞዴሉ «ደህና ናቸው» ካላቸው ውስጥ ተደብቀዋል።

ይህም ቢሆን የተጋነነ ይመስለኛል። «ኦፊሰሩ የደወለበት ብዛት» የሚለውን አምድ አውጣው። ኦፊሰሩ የሚደውለው ደንበኛው ካዘገየ በኋላ ነው፤ እና ሞዴልህ መልሱን አይቶ ጥያቄውን እየመለሰ ነው። ትንበያው በሚሰጥበት ቀን ጠዋት እጅህ ላይ የማይኖር መረጃ ሁሉ ከሞዴሉ መውጣት አለበት። 500ዎቹን በዘፈቀደ መለየትህም ችግር አለው፤ የአንዱ ደንበኛ የጥር ክፍያ ሞዴሉ በተማረበት ዳታ ውስጥ፣ የየካቲቱ በተፈተነበት ውስጥ ይገባል። እስከ ታኅሣሥ ባለው አስተምረው፣ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ፈትነው። ቁጥሩ መውረዱ አይቀርም፤ የወረደው ግን እውነተኛው ነው።

አንድ ተጨማሪ፦ ይህ ሞዴል የሚያውቀው ብድር የተፈቀደላቸውን ብቻ ነው። የተከለከሉት ቢሰጣቸው ኖሮ ይከፍሉ እንደነበር አያውቅም። ስለዚህ አዲስ አመልካች ለመጣል እንዳትጠቀሙበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ተደባልቀውባችኋል። ድሬዳዋን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ አስቡት። ዝናቡ ደጋው ላይ፣ በደንገጎ በኩል ይጥልና ጎርፉ ሜዳ ላይ ያለውን ከተማ ይመታል። የ1998ቱ ሌሊት ሰው በተኛበት ነው የመጣው። «ዛሬ ማታ ጎርፍ ይመጣል ወይ?» ለሚለው ጥሩ ትንበያ ካለህ ያው ይበቃሃል፤ ዕቃህን ታነሳለህ፣ ልጆችህን ይዘህ ትወጣለህ፣ መውጣትህ ጎርፉን አይለውጠውም። «የመከላከያ ግንብ ቢሠራ ጉዳቱ በስንት ይቀንሳል?» የሚለውን ግን የቱንም ያህል የተሳካ የዝናብ ትንበያ አይመልስልህም። ያንተ ሞዴል የመጀመሪያውን ዓይነት ጥያቄ ይመልሳል። አለቆችህ የጠየቁት ሁለተኛውን ነው።

ከ41 ወደ 29 መውረዱ ሜሴጁ ባይላክም ሊሆን ይችል የነበረ ነው፣ በሁለት ምክንያት። ሞዴሉ የሚመርጠው በቅርቡ የከፋበትን ሰው ነው። ዕቃው በጅቡቲ መንገድ ላይ ተይዞበት በግንቦት ያልከፈለ ነጋዴ፣ ዕቃው ሲደርስና ሲሸጥ በሰኔ ይከፍላል፤ ማንም ባያስታውሰው። ክፉ ወሩን አይተህ የመረጥከው ሁሉ በሚቀጥለው ወር በአማካይ ይሻሻላል። ሁለተኛ፣ ሰኔ 30 የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው። ኦፊሰሮች ለዓመታዊ ሪፖርት ውዝፍ ለማጽዳት የሚሯሯጡበት ወር ነው። ያንን ሩጫ ከሜሴጁ ለይተህ የምታይበት መንገድ የለህም።

ይህ በኢኮኖሚክስ የቆየ ትምህርት ነው። ሮበርት ላሎንድ በ1986 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በዕጣ የተመደቡ የሥራ ሥልጠና ተሳታፊዎችን ውጤት ወስዶ፣ በጊዜው የታመኑት የስታቲስቲክስ ዘዴዎች ያለ ዕጣ ማነጻጸሪያ ያንኑ ውጤት ይደርሱበት እንደሆነ ሞከረ። ብዙዎቹ ከእውነቱ በጣም ራቁ። ማስተካከያ ቀመር ቢደረደርም በዕጣ የመመደብን ያህል አላስተማመነም።

---

ጀጎል_ስታት

ከዚራ ባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ ሙከራው እንዴት እንደሚሠራ ልጨምር።

ዕጣው በግለሰብ ሳይሆን በቡድን ይሁን። አምስቱ እርስ በርስ ዋስ ናቸው፤ አንዷ ሜሴጅ ከደረሳት ቡና ላይ ለአራቱ ትነግራለች፣ «ነገ ነው ቀኑ» ብላ። በግለሰብ ዕጣ ብታወጡ ያልተላከለትም ሰምቶ ይከፍላል፣ ልዩነቱም ይጠፋል፤ ሜሴጁ በደንብ እየሠራ «አልሠራም» ትላላችሁ።

የሰው ብዛት። ከ18% ወደ 12% የሚያወርድ ለውጥ ለማየት (በ5% የስህተት ገደብ፣ ማለትም ለውጥ ሳይኖር «አለ» የማለት ዕድል፣ እና ለውጡ ካለ በ80% የማግኘት ዕድል)፣ የተለመደው ቀመር ይህ ነው (7.84 ከነዚህ ሁለት ገደቦች የሚመጣ ቁጥር ነው)፦ 7.84 × (0.18×0.82 + 0.12×0.88) ÷ 0.06²። ውጤቱ በእያንዳንዱ ወገን (ሜሴጅ በሚላክለትም በማይላክለትም) 552 ሰው። ከ18 ወደ 15 ብቻ የሚወርድ ከሆነ 2,397 ይሆናል። ልዩነቱ በግማሽ ሲያንስ የሚያስፈልገው ሰው አራት እጥፍ ያህል ያድጋል፤ ሰው ሁሉ የሚረሳው ይህንን ነው።

ይህ ግን ሰዎቹ ተለያይተው የሚወስኑ ከሆነ ነው። በቡድን ስታወጡ ቁጥሩን በ1 + (5 − 1) × ተመሳሳይነት ታባዛላችሁ፤ ተመሳሳይነት የምለው የአንድ ቡድን አባላት በአከፋፈል ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ የሚለካውን ቁጥር ነው። የአንድ ቡድን አባላት ተመሳሳይነት 0.2 ከሆነ ማባዣው 1.8 ነው፤ 552ቱ 994 ይሆናል። እናንተ ያላችሁ በወገን 725 ነው። በአንድ ወር ክፍያ ብቻ ከለካችሁ ማየት የምትችሉት ወደ 7 ነጥብ የሚጠጋ ለውጥ ነው፣ ከ18 ወደ 11። የ0.2ን ግምት ከኔ አትውሰዱ፤ ካለፈው ዓመት ዳታችሁ አስሉት። ዋስትናው ጠንካራ በሆነበት ቦታ ከዚህ ከፍ ሊል ይችላል።

ሞዴሉ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል። አትጣሉት። ቡድኖቹን በአማካይ ስጋታቸው ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ ብላችሁ ለዩና በየደረጃው ውስጥ ዕጣ አውጡ። አራት ኦፊሰር ካላችሁ በኦፊሰርም ለዩ፤ 12 ምድብ ይሆናል፣ በእያንዳንዱ ወደ 24 ቡድን። ከዚህ በላይ አታብዙ።

ለምን በየስጋት ደረጃው? ስጋቱ ከፍ ያለ ሰው በማስታወሻ የሚለወጠው ነው ማለት ስላልሆነ። ገንዘብ አጥቶ የሚያዘገይን ሜሴጅ አይረዳውም፤ የሌለውን ነው የምታስታውሰው። በሜሴጅ የሚለወጠው ገንዘቡ መሳቢያ ውስጥ እያለ ቀኑ የሚዘነጋው ነው። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ መካከለኛው ደረጃ ላይ ይገኛል ብዬ እገምታለሁ። ቀይ ምልክት ላለባቸው ብቻ ከላካችሁ ይህን መቼም አታውቁትም።

ሌሎች አገሮች የተገኘውም ልብ ሊባል ይገባዋል። ኡጋንዳ ውስጥ በአንድ የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም በተደረገ ሙከራ የማስታወሻ ሜሴጅ ብቻ የተላከላቸው በሰዓቱ በመክፈል ከገንዘብ ማበረታቻ ጋር የሚቀራረብ መሻሻል አሳይተዋል። ፊሊፒንስ ላይ በተደረገው ግን ሜሴጁ የሠራው የብድር ኦፊሰሩን ስም ሲይዝ ነው፤ ስም የሌለው ለውጥ አላመጣም። የተበዳሪ ገበያ ከአገር አገር ይለያያልና ውጤታቸውን እንዳለ አትቅዱ፤ በስም የሚላክ ሜሴጅ ግን መሞከር ይገባዋል።

---

ባቡር_ጣቢያ

ቀመሩ ተነግሯል። እኔ መሬት ላይ ሙከራ የሚያበላሹትን ልናገር።

ሰዓት። የመላኪያ ሲስተሙ ላይ 3:00 ብላችሁ ከሞላችሁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው የሚልከው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንዲሆን 9:00 ይሞላ። ደግሞ አቦ፣ ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት አትላኩ። በዚህ ሙቀት ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ወይ ተኝቷል ወይ በርጫ ላይ ነው፤ ሜሴጁ ከሌላው ጋር ተደራርቦ ይቀራል።

ቀን። የብድር መዝገቡ በእኛ አቆጣጠር፣ ሲስተሙ በፈረንጅ ከሆነ ሁለት ቦታ ትሳሳታላችሁ። ጳጉሜ 5 ወይም 6 ቀን ስለሆነ በየ30 ቀኑ የሚቆጥር ሲስተም ከመስከረም ጀምሮ ይንሸራተታል። ደግሞ ጳጉሜ 6 ከሆነ ዓመት በኋላ፣ ለምሳሌ 2016 ላይ፣ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ነው የዋለው፤ እስከ የካቲት ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። «ነገ ነው የሚከፍሉት» የሚል ሜሴጅ በራሱ በመክፈያው ቀን ከደረሰ የሞከራችሁት ሌላ ነገር ነው።

ቋንቋ። ለሁሉም በአማርኛ ከላካችሁ የማስታወሻን ጥቅም ሳይሆን አማርኛ ማንበብን ነው የምትለኩት። ደንበኛው የመረጠው፣ ኦሮምኛ ይሁን ሶማሊኛ ይሁን አማርኛ፣ አስቀድሞ ይመዝገብ፤ ከዕጣው በፊት፣ ለሁለቱም ወገን። ሜሴጁ ለሚላክለት ወገን ብቻ ቋንቋ ስትጠይቁ ያንኑ ወገን ሳታስቡት ስለ ክፍያው ታስታውሱታላችሁ።

ስልክ። ቁጥር የቀየረ፣ በባል ወይም በልጅ ስልክ የተመዘገበ ብዙ ነው። ሜሴጁ ከ100 ለ70ው ብቻ ከደረሰ የሚታየው ለውጥ ወደ 0.7 ይቀንሳል፣ የሚያስፈልገው ሰውም በእጥፍ ገደማ ያድጋል (1 ÷ 0.49)። ስለዚህ ቁጥሮቹን አስቀድማችሁ አጽዱ። ከዚያ በኋላ ግን ትንተናው በወጣው ዕጣ መሠረት ይሁን፤ ያልደረሰውን ከሜሴጅ ወገን አውጥታችሁ ወደ ሌላው አታዛውሩ። ስልኩን የሚቀያይር ሰውና የማይቀያይር ሰው በአከፋፈልም አንድ አይደሉም።

በሰው ስልክ የሚገባ ሜሴጅ የዕዳውን መጠን አይጻፍበት። ለብዙ ሴት ተበዳሪዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁም (ቁጥር 1321/2016) ስላለ ለተበዳሪው ስልኩ ለማስታወሻ እንደሚውል ይነገረውና ይፈርም።

ኦፊሰሮች። ዝርዝሩን አያዩት። ካዩት «ያኛው ሜሴጅ አልተላከለትም» ብለው እራሳቸው ይደውሉለታል፤ በቅንነት ነው የሚያደርጉት፣ ሙከራው ግን ይሞታል። የጥሪ ብዛት ለሁለቱም ወገን ይመዝገብ፤ በአንድ ወገን በዝቶ ከተገኘ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ወለድ አልባ። ሙራባሃ (ያለ ወለድ፣ ዕቃ ገዝቶ በትርፍ በመሸጥ የሚሰጥ ፋይናንስ) የወሰዱ ደንበኞች ካሉ የወለድ ቅናሹ ለነሱ ትርጉም የለውም። ቅናሹን ስትሞክሩ ለብቻ ለዩአቸው።

---

ሳቢያን_ቁጥር

በጣም አመሰግናለሁ። የጥሪውን አምድ አውጥቼ፣ ዳታውንም በዘፈቀደ ሳይሆን በጊዜ ለይቼ ስፈትነው ትክክለኛነቱ 82% ሆነ፤ ከምንም ያልተሻለ ማለት ነው።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ያለን ሰው 7 ነጥብ ብቻ የሚያሳየን ከሆነ ሙከራው ዋጋ አለው? ደግሞ አለቆች «ይጠቅማል ብለን እያሰብን ለግማሹ እንዴት እንከለክላለን?» ይላሉ።

---

ጀጎል_ስታት

82% ሆነ ብለህ ሞዴሉን አትጣለው። ትክክለኛነት የሚለካው «ይዘገያል፣ አይዘገይም» ብሎ በመቁረጥ ነው፤ አንተ የምትፈልገው ቅደም ተከተል ነው። ደንበኞቹን በሞዴሉ ነጥብ ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ ደርድርና አሥር ቦታ ክፈላቸው። በላይኛው አሥረኛ ውስጥ የዘገዩት 45%፣ በታችኛው 4% ከሆኑ ሞዴሉ ለምደባ ይበቃል። ሁሉም አሥረኛ 18% አካባቢ ከሆነ ግን በያዝከው መረጃ ሰዎቹን መለየት አይቻልም፤ ያኔ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ እንዳዘገዩ ብቻ ቆጥረህ መድብ።

ለሰው ብዛቱ፣ አንድ ወር ሳይሆን አራት ወር ለኩ። የአንድ ሰው ክፍያ ከወር ወር ያለው ዝምድና 0.3 ከሆነ የአራት ወር አማካይ መዋዠቅ (ቫሪያንስ) ወደ አንድ ወሩ 0.475 ይወርዳል (1.9 ÷ 4)፤ ማየት የምትችሉት ለውጥ ደግሞ በዚህ ቁጥር ካሬ ሥር ስለሚቀንስ ከ7 ወደ 5 ነጥብ ገደማ ያንሳል። የአራቱን ወር ውጤት ግን በየሳምንቱ እየከፈታችሁ «አሁን ደረሰ» ብላችሁ አታቁሙ። አምስት ጊዜ እያያችሁ በ5% ገደብ ብትፈርዱ፣ ምንም ለውጥ በሌለበት «አለ» የማለት ዕድላችሁ 14% ይሆናል።

ስሌቱን ቀላል አድርጉት፦ ለእያንዳንዱ ቡድን የዘገየ ክፍያ ድርሻውን አውጡ፣ 145ቱን ከ145ቱ አነጻጽሩ። ዋና መለኪያው አንድ ብቻ ይሁን፣ «ከ7 ቀን በላይ የዘገየ ክፍያ ድርሻ»፣ ሙከራው ሳይጀመር ተጽፎ ይቀመጥ። አሥር መለኪያ ብትመለከቱ ምንም በሌለበት አንዱ «የሠራ» የመምሰሉ ዕድል 40% ነው።

---

ከዚራ_07

«እንዴት እንከለክላለን» ለሚለው፦ ማንም አይከለከልም፣ ተራ ይጠብቃል እንጂ። ለሁሉም በአንድ ቀን መጀመር ካልተቻለ (ቁጥር ማጽዳቱም ቋንቋ መመዝገቡም ጊዜ ይፈልጋል) ማን እንደሚቀድም ዕጣ ይወስን። ከዝምድናና ከትውውቅ ይልቅ በዕጣ መቅደም ለደንበኛውም ፍትሐዊ ነው። በአራተኛው ወር መጨረሻ ጠቅሞ ከሆነ ለቀሪዎቹ ይዳረሳል።

ስለ 7 ወይም 5 ነጥብ ግን አትጨነቁ፤ ጥያቄው መነሳት ያለበት ከዋጋው ነው። ሁለቱን እርምጃዎች ለየብቻ አስሉ።

ሜሴጁ ለአንድ ሰው በወር 2 ብር ያስወጣል እንበል። አንድ ዘግይቶ የሚመጣ ክፍያ ደግሞ ለኦፊሰሩ ባጃጅና ለጠፋው ጊዜ 200 ብር። 2 ለ200 አንድ በመቶ ነው፤ ሜሴጁ ከ100 ሰው አንዱን ብቻ ቢለውጥ ወጪውን ይመልሳል። ስለዚህ ሙከራችሁ «3 ነጥብ ቀንሷል፣ ግን እርግጠኛ ለመሆን ሰው አነሰ» ቢል እንኳ መላኩን መቀጠል ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ርካሽ ነገር ላይ እስከ 5% ገደብ መጠበቅ ኪሳራ ነው።

ቅናሹ ሌላ ነው። ለ100 ሰው 150 ብር ቃል ገባችሁ። ያለ ቅናሹም 82ቱ በሰዓቱ ይከፍሉ ነበር። ቅናሹ 5 ሰው ጨመረ እንበል፤ ለ87ቱ ትከፍላላችሁ፣ 13,050 ብር። ያንን ለተለወጡት 5 ስታካፍሉት አንዱን ዘግይቶ ክፍያ ለማስቀረት 2,610 ብር አወጣችሁ ማለት ነው፣ 200 ብር ለሚያስከፍል ችግር። ቅናሹ ሁሉንም አዘግዪ፣ 18ቱንም፣ ቢያስተካክል እንኳ 15,000 ለ18፣ ለአንዱ 833 ብር ይደርሳል። ይህኛው ሙከራም አያስፈልገው፤ በወረቀት ላይ ይወድቃል። ለአለቆቹ ይህንን ስሌት መጀመሪያ አሳያቸው፣ የሜሴጁን ሙከራ ቀጥለህ።

ዕጣውን በኤክሴል ስታወጣ፦ ቡድኖቹን በ12ቱ ምድብ ደርድር፣ በአዲስ አምድ የዘፈቀደ ቁጥር አስገባና ወዲያው ያንን አምድ ቀድተህ «እሴት ብቻ» አድርገህ መልሰህ ለጥፍ። ይህን ካልሠራህ ፋይሉን በከፈትክና ሴል በነካህ ቁጥር ዕጣው እንደ አዲስ ይወጣል፣ ትናንት የላክህለትና ዛሬ ዝርዝሩ ላይ ያለው ይለያያሉ። በየምድቡ በዘፈቀደው ቁጥር ደርድርና የላይኛውን ግማሽ ለመጀመሪያው ዙር ያዝ። ምድቡ ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ የተረፈው ቡድን በሳንቲም ይወሰን። ከዚያ የስጋት ደረጃው፣ የብድሩ መጠንና ያለፈው ዓመት ውዝፍ በሁለቱ ወገን መቀራረቡን አይ፤ ካልወደድከው ግን ደግመህ ደጋግመህ አታውጣ። ዝርዝሩን አትምና ሥራ አስኪያጁ ይፈርሙበት፣ አንድ ቅጂ ኦፊሰሮቹ በማያገኙት ቦታ ይቆለፍ፤ የመጀመሪያው ሜሴጅ ከመላኩ በፊት።